እጃቸውን የማያነሱት ጳጳስ

ካልጋሪ ውስጥ ኦግደን በሚባል ሰፈር የነበረውን አዳራሻችንን ያጣነው አንድ ጨዋ ሰው ከመጣ በኋላ ነበር። ያኔ እኔ ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ፣ ጫማውን ምንጣፉ ላይ አጥብቆ ጠርጎ ገባና ከኋላ ተቀምጦ ትምህርታችንን አዳመጠ። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ አመስግኖ ወጣ። በጋው ሳያልቅ ሕንፃው ተሸጠ። አባቶቻችን ወንበሮቹንና ኪቦርዱን በቫን ሲጭኑ፣ እናቶቻችን ከአጥሩ ማዶ በሚያልፈው የጭነት ባቡር ጩኸት ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲህ በጉባኤያችን ውስጥ «ጨዋ ሰው መጣ» ማለት «ዕቃ ጠቅልሉ» ማለት ሆነ።

ይህን አስቀድሜ የማስረዳው ቀጥሎ የምናገረው ጥርጣሬ ከባዶ እንዳልተነሳ እንዲታወቅልኝ ነው።

አሁን ያለነው በዚሁ ከተማ ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር ነው። ሕንፃው የአንግሊካኖች ነው። እሑድ ጠዋት ጥቂት ሽማግሌ ካናዳውያን ያመልኩበታል፣ ከሰዓት በኋላ የእኛ የወንጌላውያን ጉባኤ ይሰበሰብበታል። ቅዳሜ ደግሞ የእኔ ነው። በሳምንቱ የሥራ ቀናት በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሏ ወደ አዳራሹ የምታሳይ የመስታወት በር አላት። አብዛኞቹ ልጆች በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ ወላጆቻቸው ቅዳሜ ሺፍት ስላላቸው መኪና የለም። ይህም በኋላ ስለሚያስፈልግ ይያዝልኝ።

ኦክቶበር ላይ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ቅዳሜ፣ አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው አየሁ። የሱፍ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያም ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠረጉ፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። የኦግደኑ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

«ለጀማሪዎች ክፍል ወንበር ይገኛል?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«ኢትዮጵያዊ ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ነው?»

«በዚህ ጉልበት?»

«ታዲያ አማርኛ ለምን ፈለጉ?»

ትንሽ አሰቡና «ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ» ብለው ሳቁ። ጥያቄዬ ሳይመለስ ቀረ፤ ግን ወንበር አመጣሁላቸው። ጉልበታቸው ከልጆቹ ጠረጴዛ ስር አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጡ።

ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። ፊደሉን እንደ ሥዕል ቀስ ብለው ይስሉታል፣ ሲሳሳቱ እንደ ልጆቹ ወረቀቱን አይጨመድዱም። ግን ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፣ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። ሁለቱንም የሚያደርገው ቤት የሚገመግም ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ማንነታቸውን የነገሩኝ የሕንፃውን ቁልፍ የሚይዙት ሴትዮ ናቸው። ሴትዮዋ የጠዋቱ ምእመናን ተጠሪ ናቸው፤ መብራት ሳናጠፋ ስንወጣ ስልክ የሚደውሉልን እርሳቸው ናቸው።

«ከኋላ የምታስቀምጫቸውን ሰው ታውቂያቸዋለሽ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ደስታ አልነበረም። «ጳጳስ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአንግሊካን ጳጳስ።»

እንደ እኔ ሀበሻ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ምን ያህል ግራ እንዳጋባኝ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጳጳስ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ጢም፣ ሊሳለሙት የሚሽቀዳደሙለት መስቀል ነው። የእኔ ተማሪ ግን በሱፍ ኮፍያ መጥተው «ለ ሉ ሊ» የሚሉ ሰው ናቸው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ከጉባኤያችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ እዚህ ካልጋሪ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከሁላችንም ይጠራል፤ ምላሳቸውም የሰላ ነው።

«ጳጳስ? ጳጳስ ሀ ሁ ሊቆጥር?»

«አዎ ጋሼ።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ኢንስፔክሽን ነው። እኔ ባስ ስነዳ ሱፐርቫይዘሩ እንዲህ ነበር የሚመጣው። ተሳፋሪ መስሎ፣ ጋዜጣ ይዞ፣ ከኋላ ተቀምጦ።»

«ምናልባት ቋንቋው ደስ ብሏቸው ቢሆንስ?»

«ደስ ያለው ሰው ፊት ይቀመጣል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገራቸው ያስጠረጥረኝ ጀመር። አንድ ቅዳሜ እያንዳንዱ ተማሪ ማወቅ የሚፈልገውን ቃል እንዲጠይቅ አዝዤ ነበር። ልጆቹ «ስኖውማን በአማርኛ ምንድነው?»፣ «ቦሪንግስ?» እያሉ አደከሙኝ። ጳጳሱ እጃቸውን አወጡ።

«መክፈትና መዝጋት» አሉ።

ሰሌዳው ላይ በሥርዓት ጻፍኩ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ገለበጡ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ይህ ለበር ብቻ ነው፣ ወይስ ቤት በሙሉ ሲዘጋም ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለሁለቱም ይሆናል» አልኩ። ቃሎቹንም ቶሎ ከሰሌዳው ላይ አጠፋሁ።

በቀጥታ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ ስለዚህ የመምህር ዘዴ ተጠቀምኩ። «የሕይወት ታሪክ» የሚል ትምህርት አዘጋጀሁና ልጆቹ አንድ ትልቅ ሰው ኢንተርቪው እንዲያደርጉ አዘዝኩ። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ትልቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሳቸው በእንግሊዝኛ መለሱ፣ እኔ በአማርኛ እየተረጎምኩ ልጆቹ ጻፉ።

የተወለዱት ለካ እዚሁ ካልጋሪ ኦግደን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባታቸው ፉርጎ ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸውም ልጅ ሳሉ ባቡር ነጂ ለመሆን ተመኝተው ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ አልተቀበሏቸውም። ቄስ ሲሆኑ ከካልጋሪ በስተምሥራቅ ወዳለው የስንዴ ሜዳ ተላኩ፤ በየእሑዱ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው እየነዱ፣ አንዱን ስብከት ሦስት ቦታ እየሰበኩ ኖሩ። «ሦስተኛው ቦታ ሲደርስ ጥሩ ይሆን ነበር» አሉ። በመጨረሻ የዚያ አገር ጳጳስ ሆነው ተመረጡ። አንግሊካኖች ጳጳሳቸውን በድምፅ እንደሚመርጡ ለልጆቹ አስረዳሁ።

«ለምን እርስዎን መረጡ?» አለች አንዷ ተማሪ።

«ሁለቱ ጎበዞች እኩል ድምፅ አግኝተው ሲፋጠጡ ሰዎቹ ራባቸው።»

«ሶ ጋሼ ቢሾፕ፣ እርስዎ ላይክ... የፓስተሮች ሁሉ ቦስ ነበሩ?»

«እነሱ እንደዚያ አያስቡም ነበር። ጳጳስ ቄስ ይሾማል፤ በወጣቶች ላይ እጁን ይጭናል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል። ቤተ ክርስቲያን ይከፍታል። ይዘጋልም።»

«ስንት ከፈቱ?»

«አንድም።»

«ስንት ዘጉ?»

ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። በዚያ ሜዳ ላይ ባቡሩ መቆም ሲተው መጀመሪያ የእህል ጎተራው እንደሚፈርስ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ከሁሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚዘጋ ነገሩን። «መቁጠሩን ትቼዋለሁ» አሉ።

ልጅቷ እርሳሷን ነከሰች። «ሶ... ሥራዎን አይችሉበትም ነበር ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲዘጋ የኖረ ሰው ክፍሌ ውስጥ «ተዘጋ» የሚለውን ቃል እየጻፈ ተቀምጧል።

ክረምቱ ሊያበቃ ሲል አንድ ቅዳሜ ቀድሜ ደረስኩ። በመስታወቱ በር በኩል ወደ አዳራሹ ስመለከት ብቻቸውን ናቸው። ከዋናው በር ተነስተው ወደ ማጥመቂያው ገንዳ ሄዱ፤ መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ መጽሐፍ ወደሚነበብበት አትሮንስ፣ ከዚያ ወደ ቁርባኑ ጠረጴዛ ሄደው እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ተመልሰው በሩ ጋ ቆሙና አንዲት አጭር ነገር ጮክ ብለው ተናገሩ። ቃሉ አልተሰማኝም። ትንሽ ቆይተው ወደ ክፍሌ ገቡና በተለመደው ፈገግታቸው «ጤና ይስጥልኝ» አሉኝ።

ሰኞ ለባለ ቁልፏ ሴትዮ ደወልኩ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ የሚደረገው እንደዚያ ነው» አሉ። «ጳጳሱ ከበር ይነሳል፣ በየቦታው ቆሞ ስለዚያ ቦታ ያመሰግናል፣ በር ላይ ተመልሶ 'ከዛሬ ጀምሮ ይህ ተራ ቤት ነው' ብሎ ያውጃል። የእናቴን ቤተ ክርስቲያን የዘጉት እኚሁ ሰው ናቸው።» ከዚያም ድምፃቸው ተለወጠ። «ግን አንቺ ይህን አታውቂም ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ?» አልኩ። አነጋገራቸው እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር አለፍኩት።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። በእኛ ዘንድ እንግዳ አገልጋይ ተቀምጦ አይቀርም፤ ወደ ፊት ይጠራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ጉባኤውን ይባርካል። ጋሼ ዘዴውን ያገኙት ከዚህ ነው።

«በልጆቹ ፕሮግራም ላይ ባርኩን እንበላቸው» አሉ። «ሊዘጋው የመጣውን ቤት አፍ አውጥቶ የሚባርክ ሰው የለም። ወይ ይባርካሉ፣ ወይ ይታወቅባቸዋል።»

ፕሮግራሙ ከፋሲካ በፊት ነበር። ልጆቹ ግጥም አነበቡ፣ ወላጆች በስልካቸው ቀረጹ። ጋሼ ማይኩን ያዙና «በመካከላችን አንድ የተከበሩ አባት አሉ» ብለው ጠሩ፤ ተረጎምኩ። ጳጳሱ ፊታቸው ቀላ። ቀስ ብለው መጡ።

«አመሰግናለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልችልም» አሉ።

«ዝም ብለው እጅዎን ብቻ ያንሱልን በያቸው» አሉኝ ጋሼ።

አልኳቸው። እጃቸውን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ከኋላቸው አጣመሩ። «እጄን ማንሳት አልችልም» አሉና ወደ ኋላ ወንበራቸው ተመለሱ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሳይታዘዝ መዝሙር ጀመረ።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «የማይባርክ ጳጳስና የማይነዳ ሾፌር! በይ ሬድስቶን ሰፈር የሚከራይ አዳራሽ አለ፤ ነገ ሄደን እንየው።»

አየነው። ስቶኒ ትሬል አውራ ጎዳና አጠገብ ያለ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ፓርኪንጉ ብቻ የእኛን ሕንፃ ያህላል። እሑድ ይገኛል፣ ቅዳሜ ግን አይገኝም። ቢገኝም ከፓይንሪጅ በእግሩ የሚደርስ ልጅ የለም። ነገሩን በሥርዓት ሳስበው ግልጽ ነበር፤ ጉባኤው ሬድስቶን ሄዶ ይኖራል፣ የእኔ ክፍል ግን ይሞታል። ልጆቹ ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። «መ»ን ከ«ሠ» መለየት ችለዋል፤ አያቶቻቸው ሲደውሉ ግን ገና በአማርኛ መመለስ አልቻሉም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሜ ደርሼ ዋናው በር ላይ ቆምኩ። ጫማቸውን እስኪጠርጉ ጠበቅሁ።

«ይህን ቤት ሊዘጉብን ነው የመጡት?» አልኳቸው።

ቅር አላላቸውም። የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ለእኔም በእጃቸው ቦታ አሳዩኝ። እኔ አልተቀመጥኩም።

«ይዘጋል» አሉ። «ጠዋት የሚመጡት ሰዎች አርጅተዋል። ይብቃን ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። በሰኔ ነው።»

«ያውቁ ነበር!»

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም? ለምንስ አልባረኩንም?»

ያን ጊዜ አስረዱኝ፤ እኔ ለልጆቹ እንደማስረዳው፣ አንድ በአንድ። ጡረታ የወጡ ዕለት በሕዝቡ ፊት የጳጳስ በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ባዶ እጃቸውን ወደ ወንበር ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገሩ ጳጳስ፣ ማለት አሁን ሀገረ ስብከቱን የሚመራው፣ ካልፈቀደላቸው በስተቀር በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጃቸውን ለቡራኬ አያነሱም። «ያልተጠየቀ ጡረተኛ እጁን ሲያነሳ በሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው» አሉ። «ወዳጆችሽ እንደሚቀየሙኝ አውቄ ነበር።»

«ያን ቅዳሜ አዳራሹን ሲዞሩ ያየሁትስ? የመዝጊያው ሥርዓት ነው ብለውኛል።»

«የመክፈቻውም ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ከበር ተነስቶ በር ላይ ያበቃል። የሚለየው መጨረሻ ላይ የሚነገረው ቃል ነው። የመዝጊያውን ቃል እንቅልፌ ውስጥም እላለሁ። የመክፈቻውን ግን በሕይወቴ አንድ ቀን ብዬው አላውቅም፤ ስለዚህ እለማመዳለሁ።» ኮፍያቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «ሕንፃው ለእናንተ እንዲቀርና እኔ እንድከፍተው የዚህን አገር ጳጳስ ጠይቄአለሁ። መልስ አላገኘሁም። ያልተሰጠኝን ነገር ቃል ልገባላችሁ አልፈለግሁም።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«ያኔ እኔ እዚህ መጥቶ አማርኛ የተማረ ሽማግሌ ነኝ። ያም ትንሽ ነገር አይደለም።»

ማታውኑ ለጋሼ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አመንሻቸው?»

«ግማሹን።»

«ጥሩ። ሌላውን ግማሽ እኔ እጠራጠርልሻለሁ» አሉ።

በሰኔ አንድ እሑድ ሁለቱ ጉባኤዎች አብረው ተጠሩ። የአገሩ ጳጳስ በትራቸውን ይዘው መጡ። ምን እንደተወሰነ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አልተነገረንም፤ ከመጀመሩ በፊት ከበሩ አጠገብ ከሽማግሌው ጳጳስ ጋር ሲነጋገሩ ብቻ አየን። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው ከንፈራቸውን ለማንበብ ሲሞክሩ ነበር።

መጀመሪያ መዝጊያው ሆነ። የአገሩ ጳጳስ ከበር ተነስተው ወደ ገንዳው፣ ወደ አትሮንሱ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። በየቦታው አንድ የጠዋት ምእመን ይቆምና አንድ ነገር ይናገራል፤ «ልጄ እዚህ ተጠመቀች» ይላል፤ «ባለቤቴን ከዚህ ሸኘሁ» ይላል። በር ላይ ተመልሰው ሲያውጁ ከአጠገቤ የቆሙት ባለ ቁልፏ ሴትዮ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው ብዬ ነበር» አሉኝ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

«ማንን?»

«እሳቸውን። ቤታችንን ለእናንተ እንዲያሰጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምትመካከሩ ለማየት እየመጣሁ በመስታወቱ እመለከት ነበር። የሰማሁት 'ለ ሉ ሊ' ብቻ ነው።»

በመስታወቱ የማየው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቤት የሚወሰድብንም እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ የአገሩ ጳጳስ ሕንፃው ከእንግዲህ የእናንተ ነው አሉንና ወደ ሽማግሌው ጳጳስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ለአንዷ ተማሪዬ ሰጥተው ከበር ተነሱ። በትር አልያዙም። ገንዳው ጋ፣ አትሮንሱ ጋ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆሙ፤ እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። በር ላይ ስንደርስ ግን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አስቆሙኝ። በራሳቸው አማርኛ፣ እንደሚጽፉት ቀስ ብለው፣ «ይህ ቤት ተከፍቷል» አሉ። ከዚያም እርማት የሚጠብቅ ተማሪ እንደሚያየው አዩኝ።

«ትክክል ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን አነሱ። «አሜን» ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ጋሼ ግን ከሁሉ ዘግይተው፣ ሌላው ሲጨርስ፣ ብቻቸውን ጮክ ብለው አሉት። ወደ እኔ መጥተው «ቆንጆ ነው» አሉ። «ቢሆንም የሬድስቶኑን ሰውዬ ስልክ አታጥፊው።»

አላጠፋሁትም።

ቁልፉን ግን ሴትዮዋ አልሰጡንም። «እኔ ልያዘው» አሉ፤ አልጠየቁንም፣ አሳወቁን። ሽማግሌዎቻችንም እሺ አሉ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፍቱልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ከፍተውም ወዲያው አይሄዱም። አዳራሹ ውስጥ ቆመው በመስታወቱ በኩል ወደ ክፍሌ ይመለከታሉ። ጋሼ «ዛሬም ትጠረጥረናለች» ይላሉ። ጳጳሱ ከኋላ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ጨ»ን ይስላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን በማስነብብበት ጊዜ ከበሩ አጠገብ ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ እየጠረጉ ነበር፤ ግራውን፣ ቀኙን። ልጆቹን ይዘው መጥተው ከጥግ የተቀመጡት ጋሼ ቀና ብለው አዩ።

«ጨዋ ሰው መጣ» አሉ በሹክሹክታ።

ተነስቼ ወንበር ፍለጋ ሄድኩ።